የሰንበት ዳቦ በቤይሩት ምድጃ፦ ከማቡካት እስከ ማዕድ

የሰንበት ዳቦ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ሰዓት ነው። ዓርብ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እሳት አይነድም፣ ሊጥም አይቦካም። ዳቦው ከዚያ በፊት በስሎ፣ በርዶ፣ ተሸፍኖ ገበታ ላይ መቀመጥ አለበት። ጎንደር ላደገች ሴት ሰዓቱን መያዝ ብዙ አያስቸግርም፤ እዚያ ፀሐይ በክረምትም በበጋም ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች። ቤይሩት እንዲህ አይደለችም። በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ መጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር 10፡30 ገደማ ላይ ጀምበር ትጠልቃለች፤ በሰኔ ደግሞ እስከ ምሽቱ 1፡50 ትቆያለች። ስለዚህ ዱቄት ከመግዛታችሁ በፊት የዚያን ሳምንት ዓርብ ፀሐይ የምትጠልቅበትን ሰዓት እዩ፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ ሥራችሁን ደልድሉ።

ይህ መመሪያ በቡርጅ ሐሙድ፣ በዶራ፣ በነብዓና በሌሎቹ የቤይሩት ሰፈሮች ለሚኖሩ፣ ትንሽ ምድጃና አንድ ሲሊንደር ጋዝ ላላቸው አንባቢዎች የተጻፈ ነው። ስለ አይሁድ ዳቦ እዚህ ከተማ ላይ ማውራት ለአንዳንዱ እንግዳ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን በመሐል ከተማው፣ ከባብ ኢድሪስ አጠገብ ያለው ዋዲ አቡ ጀሚል የአይሁድ ሰፈር ነበር። ማጌን አብራሃም የተባለው ትልቁ ምኩራብ እ.ኤ.አ. በ1926 የተከፈተው እዚያ ነው፤ ገንዘቡን የሰጡት የካልካታው ነጋዴ ሞይዝ አብራሃም ሳሶን ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1948 በኋላ ከሶሪያና ከኢራቅ የሸሹ ቤተሰቦች ስለመጡ ከዐረብ አገሮች መካከል የአይሁድ ቁጥር የጨመረው በሊባኖስ ብቻ ነበር። ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ፣ ይልቁንም በ1975 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር፣ አብዛኞቹ ወጡ። ምኩራቡ በ1982 በእስራኤል ጦር ድብደባ ተጎዳ፣ ከ2009 ጀምሮ ታደሰ፣ በ2020 የወደቡ ፍንዳታ እንደገና ጉዳት ደረሰበት። ዛሬ የቀሩት አይሁድ ጥቂት ናቸው። በአገሪቱ ሕግ ግን የእስራኤላውያን ማኅበረሰብ እስካሁን ከ18ቱ የታወቁ የሃይማኖት ወገኖች አንዱ ነው።

ሌላው ምክንያት ከእኛው ጓዳ የሚነሣ ነው። በጎንደር አካባቢ በወለቃና በአምቦበር መንደሮች ቤተ እስራኤል የሚባሉት የኢትዮጵያ አይሁድ ለሰንበት ይጋግሩት የነበረው ዳቦ ከጎረቤታቸው ክርስቲያን ድፎ ዳቦ በሊጡ ብዙም አይለይም ነበር። ስንዴው ያው ነበር፣ ምጣዱም ያው ነበር። የሰንበት ዳቦ የሚያደርገው መቼ እንደተጋገረ፣ ምን እንዳልገባበት፣ ከእሱ ምን እንደተለየና እንዴት እንደተቆረሰ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህንኑ ቅደም ተከተል ይከተላል።

ሐሙስ ማታ፦ ዱቄቱና ቅመሙ

የሚያስፈልጋችሁ፦ 1 ኪሎ ከ700 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 1 ሊትር ለብ ያለ ውኃ (ሊጡ ደረቅ ካለ የሚጨመር ትንሽ ውኃ በእጃችሁ ይኑር)፣ 15 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 30 ግራም ጨው፣ 120 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ድንብላል። ከዚህ ሁለት ትልልቅ ዳቦ ይወጣል። የዱቄቱን ልክ ከፍ ያደረግኩት በምክንያት ነው፤ ድርሻ ስለ መለየት ስንነጋገር ይገባችኋል።

ሱቅ ስትሄዱ ዱቄት ለመግዛት «ጥሒን» በሉ፤ «ጥሒና» ካላችሁ የሰሊጥ ልቁጥ ይሰጧችኋል። እርሾ «ኸሚሬ»፣ ጥቁር አዝሙድ «ሐበት ባረኬ»፣ ድንብላል «ኩዝባራ» ነው። ቅመሙን ከሱፐርማርኬት ይልቅ ከቅመማ ቅመም ሱቅ ግዙት፤ ትኩስነቱ በሽታው ይታወቃል።

ቅቤም ወተትም አታስገቡ። ኦሪት ሥጋንና ወተትን አንድ ላይ መብላት ትከለክላለች፤ የአይሁድ ሊቃውንትም ዳቦ ከሁሉም ምግብ ጋር ስለሚበላ በወተት እንዳይቦካ ደነገጉ። የሰንበት ወጥ ብዙ ጊዜ የሥጋ ወይም የዶሮ ስለሆነ ይህ ክልከላ ተግባራዊ ትርጉም አለው። የጾም ዳቦ ለለመደ የሐበሻ እጅ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

ማሩን አታብዙ። የሌቫንት፣ ማለትም የሶሪያና የሊባኖስ አካባቢ፣ አይሁድ የሚከተሉት ሥርዓት በአብዛኛው ረቢ ዮሴፍ ካሮ የጻፉት ነው። እኚህ ሊቅ ከዛሬው የሊባኖስ ድንበር በማይርቀው በጸፋት ከተማ ኖረው የሕግ መጽሐፋቸውን ሹልሐን ዐሩኽን እ.ኤ.አ. በ1565 ቬኒስ ውስጥ አሳተሙ። በእሳቸው ብያኔ የማር ወይም የስኳር ጣዕም ጎልቶ የሚቀመስበት ሊጥ ከዳቦ ወደ ኬክ ይሻገራል፤ የዳቦ ቡራኬም አይባረክበትም። ሁለት ማንኪያ ማር እርሾውን ያነቃል፣ ለቅርፊቱም ቀለም ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ዱቄቱን ማታውኑ በጥሩ ወንፊት ንፉት። ነፍሳት መብላት በኦሪት የተከለከለ ስለሆነ ዱቄት መንፋት ከንጽሕናም በላይ የሥርዓት ጉዳይ ነው። በሙቀቱና በእርጥበቱ ወራት ቤይሩት ውስጥ በከረጢት የቆየ ዱቄት ቶሎ ነቀዝ ይገባዋል። ነቀዝ ካያችሁ ነፍቼ እጠቀምበታለሁ አትበሉ፤ ሌላ ግዙ።

ዓርብ ጠዋት፦ ማቡካት

በታኅሣሥ ከሆናችሁ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አትለፉ። 3፡30 ላይ ታሽቶ ይሸፈን፣ 5፡30 ላይ ይከፈል፣ እስከ 6፡30 በቅርጹ ኩፍ ይበል፣ ከዚያ እሳት ላይ አንድ ሰዓት፣ ለመብረድ ሁለት ሰዓት። በዚህ አካሄድ ከጀምበር በፊት አንድ ሰዓት ያህል ይተርፋችኋል። የመብራት ተራ ያለፈባችሁ ወይም ጋዙ ያለቀ እንደሆነ የምታመልጡት በዚያች ሰዓት ነው።

እርሾውንና ማሩን ከለብ ያለው ውኃ በሩብ ሊትር በጥብጡና አሥር ደቂቃ ተዉት። አረፋ ካልያዘ እርሾው ሞቷል፤ ሌላ ክፈቱ። ዱቄቱን፣ ጨውንና ቅመሙን በሰፊ ሳፋ ቀላቅሉ፤ መሐሉን ጎድጎድ አድርጋችሁ እርሾውን፣ ዘይቱንና የቀረውን ውኃ ጨምሩ። ከዚያ እሹት። በእጅ ከሆነ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ስትስቡት ሳይበጠስ የሚለጠጥ፣ ከጣት የሚላቀቅ ሊጥ እስኪሆን አትቁሙ። ለእንጀራ የለመደች እጅ ሊጡን ማቅጠን ይቀናታል። ይህ ግን ጠንከር ማለት አለበት፤ ከቀጠነ በምድጃው ላይ ይንጣለላል።

ዘይት ቀብታችሁ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። በክረምት ወደ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት በአንድ ሰዓት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ጣታችሁን ስትሰኩበት ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል።

በአሠሪ ቤት የምትኖሩ እህቶች ዓርብ ቀን የራሳችሁ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የዕረፍት ቀን ያላችሁም ብዙ ጊዜ እሑድ ነው። ለእናንተ የሚሻለው ሐሙስ ማታ ማቡካት ነው። እርሾውን ወደ 5 ግራም ቀንሱ፣ ውኃውን ቀዝቃዛ አድርጉ፣ ሊጡን በኩሽናው ቀዝቃዛ ጥግ ላይ አሳድሩት። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣም ስለሚሞቅ በእሱ ላይ አትመኩ። ዓርብ ጠዋት ቤቱ ሳይነቃ ቅርጽ አውጥታችሁ ብትጋግሩት ሥርዓቱ አይጎድልበትም። ቀስ ብሎ ያደረ ሊጥ ጣዕሙም የተሻለ ነው።

ድርሻውን መለየት

ይህ የአይሁድን ዳቦ ከሌላው የሚለይ ዋናው ሥራ ነው፤ ብዙ መጻሕፍት ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 15 እስራኤል ወደ ምድራቸው ገብተው እህሏን ሲበሉ ከሊጣቸው በኩር ለእግዚአብሔር እንዲለዩ ታዘዙ። ድርሻው የካህናቱ ነበር። ቤተ መቅደሱ ከፈረሰ በኋላ ካህናቱ በንጽሕና ሊበሉት ስለማይችሉ ይቃጠላል እንጂ ማንም አይበላውም። በዕብራይስጥ «ሐላ» የሚባለው በመጀመሪያ ይህ የተለየው ድርሻ ነው፤ ለሰንበት ዳቦ መጠሪያ የሆነው ኋላ ነው።

ልኩ በዱቄቱ ይወሰናል። በብዙዎቹ ዘንድ በሚሠራበት ስሌት ከ1 ኪሎ 200 ግራም ያነሰ ዱቄት መለየት የለበትም፤ ከዚያ እስከ 1 ኪሎ 660 ግራም ድረስ ያለ ቡራኬ ይለያል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ተባርኮ ይለያል። 1 ኪሎ 700 ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ሊጡ ኩፍ ካለ በኋላ ሳይከፈል በፊት አንድ የወይራ ፍሬ የሚያህል፣ ወደ 28 ግራም፣ ትቆርሳላችሁ፤ የተለየ መሆኑን በቃል ትናገራላችሁ፤ ከዚያ በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልላችሁ በእሳት ከሰል እስኪሆን ታቃጥሉታላችሁ። ዳቦው ምድጃ ውስጥ ሳለ አብራችሁ አታቃጥሉት፤ ከዳቦው በፊት ወይም በኋላ ይሁን።

ሕጉ የሚያስገድደው ሊጡ የአይሁዳዊ ሲሆን ነው። አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው በራሱ ዱቄት ቢጋግር ግዴታ የለበትም። የእኔ ምክር፣ ሥርዓቱን ለማወቅና ለማክበር እዩት፣ ቡራኬውን ግን ለባለቤቱ ተዉለት።

ቅርጹ

የአይሁድ ዳቦ ሲባል በፎቶግራፍ የምናየው እንደ ሹሩባ የተጎነጎነውን፣ በእንቁላል የሚያብለጨልጨውን ነው። እሱ ግን የመካከለኛውና የምሥራቁ አውሮፓ አይሁድ ልማድ ነው። በሶሪያና በሊባኖስ በኖሩ አይሁድ ዘንድ ለሰንበት ማዕድ የተለመደው ከጎረቤቱ ዐረብ ዳቦ የማይለይ ጠፍጣፋ ዳቦ ነበር። የቤተ እስራኤል ዳቦ ደግሞ ክብና ወፍራም ነው። ስለዚህ ሹሩባው ካልመጣልኝ አልጋግርም የምትል ካለች ትተወው፤ ክቡ ዳቦ ምንም አያንሰውም።

ቁጥሩ ግን ይቆጠራል፤ ሁለት ይሁኑ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 መና በምድረ በዳ በየዕለቱ ለአንድ ቀን ሲወርድ፣ በስድስተኛው ቀን እጥፍ ይወርድ ነበር፤ በሰንበት አይወርድም። ሁለቱ ዳቦ የዚያ እጥፍ መታሰቢያ ናቸው። ድንጋጌው በታልሙድ የተጻፈ ነው፤ የቤተ እስራኤል ሃይማኖት ያደገው ደግሞ ታልሙድን ሳያውቅ፣ በኦሪትና እንደ «ትእዛዘ ሰንበት» ባሉ የግእዝ መጻሕፍት ስለሆነ ድንጋጌው ከእነሱ የመጣ አይደለም። አንዳንድ አይሁድ በተለይ የጸፋትን ሊቃውንት የተከተሉት ዐሥራ ሁለት ትንንሽ ዳቦ ያሰልፋሉ። ይህም በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 24 በየሰንበቱ በሁለት ረድፍ ይቀመጥ የነበረውን የገጸ ኅብስት ቁጥር ያስታውሳል።

ሊጡን ለሁለት ክፈሉ፣ አድቦልቡሉ፣ ዘይት በተቀባ ክብ መጋገሪያ ላይ አድርጋችሁ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ዳምጡ። ኮባ ለምትናፍቁ፣ ከደሙር እስከ ሰይዳና ሱር ድረስ ባለው የባሕር ዳርቻ የሙዝ እርሻ ሞልቷል። ቅጠል የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ አጥባችሁ፣ በእሳት ለብለብ አድርጋችሁ ከሥርና ከላይ ጣሉበት። ካልተገኘ የመጋገሪያ ወረቀት ይበቃል። ተሸፍኖ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይቆይ።

እሳቱ

በብዙ የቤይሩት ቤቶች ያለው የጋዝ ምድጃ እሳቱ ከሥር ብቻ ነው፤ ላዩን ለማጥቆር ሌላ ቁልፍ አለው። አስቀድማችሁ እስከ 200 ዲግሪ አሙቁ፣ ዳቦውን በመካከለኛው መደርደሪያ አስገቡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ወደ 180 አውርዱና ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ጋግሩ። ሥሩ ቀድሞ የሚያርባችሁ ከሆነ በታችኛው መደርደሪያ ላይ ባዶ ትሪ አስቀምጡ። በመጨረሻ የላዩን እሳት ለሦስት ደቂቃ ያህል ክፈቱና ከአጠገቡ አትራቁ።

ምድጃ የሌላችሁ ወፍራም ድስት በክዳኑ ተጠቀሙ። ዳቦውን በወረቀት ላይ አድርጋችሁ፣ ክዳኑን በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ በጣም ዝቅ ባለ እሳት 40 ደቂቃ፤ ከዚያ ገልብጣችሁ 20 ደቂቃ። አገር ቤት ከላይና ከታች እሳት ያገኝ የነበረው ድፎ በዚህ መንገድ ሁለቱንም ጎን ያገኛል። አንዱ ድስት ላይ ሳለ ሌላው እንዳይጎመዝዝ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ይጠብቅ፤ ሰዓቱንም በዚያው ልክ ቀደም አድርጉ።

ሦስተኛው መንገድ የሰፈሩ ፉርን ነው። ባለ ፉርኑ በክፍያ የሰው ሊጥ መጋገር አይገርመውም። ጠዋት መናቂሽ በሚጋገርበት ሰዓት ግን እሳቱ ለወፍራም ዳቦ ከመጠን በላይ ነው፤ ላዩ ያራል፣ ውስጡ ሊጥ ይቀራል። ግርግሩ ካለፈ በኋላ ሙቀቱ ሲበርድ ውሰዱ።

የበሰለውን በሥሩ አንኳኩት፤ ባዶ የሆነ ድምፅ ከሰጠ ደርሷል። በጨርቅ ጠቅልላችሁ ወንፊት ወይም ሽቦ ላይ አብርዱት።

ማዕዱ

ገበታው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ፣ ሁለቱን ዳቦ አስቀምጡ፣ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ነጠላ ሸፍኗቸው። መናው ከላይም ከታችም በጤዛ ተሸፍኖ ይወርድ ነበርና ዳቦውም በሁለት ጨርቅ መካከል ይቀመጣል። ሌላም ምክንያት ይነገራል፤ በሰንበት ዋዜማ መጀመሪያ የሚባረከው ወይኑ ስለሆነ ዳቦው ተቀድሞ እንዳያፍር ይሸፈናል። ለዳቦ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ለባልንጀራው ክብር አብልጦ እንዲጠነቀቅ መምህራኑ በዚህ ልማድ ያስተምራሉ። ከሥርዓቱ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው።

ከወይኑ ቀጥሎ እጅ ከማንቆርቆሪያ በሚወርድ ውኃ ይታጠባል፤ ከመታጠብ እስከ መቁረስ ድረስ ወሬ የለም። የቤቱ አባወራ ወይም ማዕዱን የሚመራው ሁለቱን ዳቦ ደርቦ ያነሣል፣ እህልን ከምድር የሚያወጣውን አምላክ ያመሰግናል፣ አንዱን ይቆርሳል፣ ቁራሹን ጨው ያስነካል። በሌቫንት አይሁድ ዘንድ ጨው የሚነካው ሦስት ጊዜ ነው። በቤተ መቅደስ መሥዋዕት ሁሉ በጨው ይቀርብ ነበር፤ መቅደሱ ከፈረሰ ወዲህ የቤት ገበታ በመሠዊያው ፈንታ ይቆጠራል። ቁራሹን ከእጅ ወደ እጅ አትስጡ፤ እንዲህ መስጠት የሐዘን ቤት ምልክት ስለሆነ በሰው ፊት ገበታው ላይ ይቀመጣል።

በቤተ እስራኤል ዘንድ ዳቦው ወደ ጸሎት ቤት፣ ወደ መስጊዱ ይወሰዳል። ቄሱ በግእዝ ይባርከዋል፣ ሕዝቡ ተካፍሎ ይበላዋል። በሰንበት እሳት ስለማይነካ ምግቡ ሁሉ የዓርብ ነው፤ ቀዝቃዛውን መብላት አክብሮት እንጂ ችግር አይደለም። ከአስተሥርዮ ቀን 50 ቀን በኋላ በሚውለው ሲግድም ወደ ተራራ ወጥቶ ሲጾምና ሲጸልይ የዋለው ሕዝብ ወርዶ ጾሙን የሚፈታው በዳቦና በጠላ ነው።

በፋሲካ ሰሞን

በፋሲካ ሰባት ቀን (ከእስራኤል ውጭ ባለው ልማድ ስምንት) እርሾ ከቤት ይወጣል፤ ዳቦው ቂጣ ይሆናል። ከግብፅ ሲወጡ ሊጣቸው ለመቡካት ጊዜ አላገኘም። በረቢዎቹ ሥርዓት ውኃ ዱቄቱን ከነካበት እስከሚበስልበት ድረስ የሚፈቀደው 18 ደቂቃ ነው። ውኃው ከዋዜማው ምሽት ተቀድቶ ያደረ መሆን አለበት። ቤተ እስራኤልም በዚያ ሳምንት እንጀራና ጠላን ትተው ትኩስ ቂጣ ይጋግሩ ነበር።

ለመሞከር፦ ምጣዱን አስቀድማችሁ አግሉት። 250 ግራም ዱቄት በ125 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ያለ ጨውና ያለ ዘይት ለውሱ፣ አራት ቦታ ክፈሉ፣ በተቻለ መጠን አሳስታችሁ ዳምጡ፣ በሹካ ውጉት፣ ወዲያው ጣሉት። በየጎኑ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ይህ ቂጣ አሠራሩን ለመማር እንጂ ለፋሲካው ሌሊት ማዕድ የሚበቃ አይደለም፤ ለዚያ ሌሊት የሚፈለገው ከአጨዳ ወይም ከወፍጮ ጀምሮ ውኃ እንዳይነካው የተጠበቀ ዱቄት ነው፣ የሱቁ ዱቄት አይሆንም። በዚያ ሌሊት ከሐለብ የወጡ ቤተሰቦች ቂጣውን በጨርቅ ቋጥረው በትከሻቸው ይሸከማሉ። ከወዴት እንደመጡ ሲጠየቁ ከግብፅ፣ ወዴት እንደሚሄዱ ሲጠየቁ ወደ ኢየሩሳሌም ብለው ይመልሳሉ። 

የተረፈው

የሰንበት ዳቦ ቁራሽ ከቆሻሻ ጋር አይጣልም፤ የወይራ ፍሬ የሚያህል እንኳ ቢሆን ለብቻው በንጹሕ ከረጢት ይቀመጣል፣ ወይም ለአእዋፍ ይሰጣል። በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ እስከ እሑድ አይደርቅም። እሑድ ጠዋት ከቀረው ቁራሽ በበርበሬና በዘይት ጥሩ ፍርፍር ይወጣል፤ ሰኞ የተረፈውን ደግሞ በትንሽ እሳት አድርቁና ለድርቆሽ አስቀምጡ።